ስድስት ኩንታል እርሳስ ከየት ይመጣል?

ድሬዳዋ ተቀምጦ ስለ ሰርጓጅ መርከብ ማውራት ራሱ ያስቃል። ባሕር የለን። ወንዛችን ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፣ ውሃ ሲመጣበት ደግሞ አመጣጡን የድሬ ሰው ያውቀዋል። ነገሩን ያመጣው በያጁ ጎረቤቴ ነው። ሳቢያን በርና መስኮት ይሠራል፣ የባጃጅ ላሜራ ይጠግናል፣ አልፎ አልፎ የውሃ ታንከር ይበይዳል። ማታ ማታ ስልኩ ላይ ሰዎች ጓሯቸው ውስጥ ለአንድ ሰው የሚሆን ሰርጓጅ ሲሠሩ ያያል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ጥላ ሥር ሰብስቦት ሳለ መጣና "አቦ፣ ይሄ እኮ ታንከር ነው! ታንከር ስንት ሠርቻለሁ። አንተ ፊዚክስ ስታስተምር የኖርክ ሰው ነህ፣ ሞተሩን ብቻ ንገረኝ። ስንት ፈረስ ጉልበት ይበቃዋል?" አለኝ።

ነገሩን ከጭራው ነው የያዘው። ሞተሩ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ክብደት ነው፣ ክብደት ደግሞ እዚህ በለመድነው መንገድ አይሄድም።

መንገድ ላይ ክብደት ጠላት ነው። ጭነቱን ይዞ የደንገጎን ዳገት ሽቅብ የሚያቃስት አይሱዙ ላየ ሰው ይሄ አይነገረውም። ስለዚህ ሁላችንም የምናውቀው ምክር አንድ ነው፦ ቀልል አድርገው፣ ሞተሩን አጠንክረው። ሰርጓጅ ላይ ይሄ ምክር ገደል ይከታል። የቀለለ ሰርጓጅ አይጠልቅም። ያኔ ስሙም ይቀየራል፣ ጀልባ ነው።

ሕጉ የአርኪሜዲስ ነው፣ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ኖሯል። ውሃ ውስጥ የገባ ዕቃ የተወሰነ ውሃ ከቦታው ያስለቅቃል። ውሃው ደግሞ ዕቃውን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ የግፊያው ልክም ቦታ የለቀቀው ውሃ ክብደት ነው። 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 1 ኪሎ ስለሚመዝን ሒሳቡ አያስቸግርም። ግቢያችሁ ውስጥ ያለውን የ1,000 ሊትር ሮቶ አስቡት። ባዶውን ክዳኑን ጥርቅም አድርጋችሁ ውሃ ውስጥ ልድፈቀው ብትሉ አንድ ቶን የሚጠጋ ነገር ላዩ ላይ መጫን አለባችሁ። ያ ሁሉ ጭነት የሚሄደው አየር ለመድፈቅ ነው።

ጎረቤቴ ፊቱ ላይ "በለው" የሚል ነገር ስላየሁ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ አመጣሁ። ደጃፉ ላይ የተከመረ የግንባታ አሸዋ ነበር። ደረቁን በማንኪያ እየጨመርን፣ ክዳኑን እያጠበቅን፣ ውሃ የሞላው በርሜል ውስጥ እየጣልን አየን። ሩቡ አሸዋ ሲሆን ተንሳፈፈ። ግማሽ ሲሆንም ተንሳፈፈ፣ ትከሻውን ብቅ አድርጎ። ግማሹን አልፎ ወደ ሁለት ሦስተኛው ሲጠጋ ነው ቀስ ብሎ የወረደው። "ግማሽ ኪሎ አሸዋ? ለዚች?" አለ። አዎ፣ ለዚች።

አሁን ወደ እሱ ታንከር እንምጣ። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የሚገባበት ቱቦ ነው። ወርዱ 90 ሳንቲ ሜትር፣ ቀጥ ያለው ክፍል 2 ሜትር፣ ሁለቱ ጫፎች እንደ ግማሽ ኳስ የተዘጉ። የሚያስለቅቀው ውሃ 1,650 ሊትር ገደማ ነው። ስለዚህ ከነሰውየው 1,650 ኪሎ መምጣት አለበት፣ ድርድር የለውም። የ8 ሚሊ ሜትር ላሜራ በካሬ ሜትር 63 ኪሎ ገደማ ነው፣ የቱቦው ቆዳ ከ8 ካሬ ሜትር ትንሽ ያልፋል፣ ያ 515 ኪሎ ሆነ። ማጠንከሪያ ቀለበቶቹን፣ መግቢያውንና መስኮቱን ስንጨምር 700 እንበል። ሰው 70። አራት ትልልቅ ባትሪ 120። ሞተር፣ የአየር ሲሊንደር፣ መቀመጫ፣ ሽቦና ቧንቧ 150። ደመርነው፣ 1,040 ኪሎ። 610 ኪሎ ጎደለ።

"ስድስት ኩንታል?" አለና ጫቱን አስቀመጠ።

ይሄን ጉድለት የሚሞላው አብዛኛውን ጊዜ እርሳስ ነው። (የሚጻፍበትን አይደለም፣ ማዕድኑን።) ትንሽ ቦታ ይዞ ብዙ ስለሚመዝን ነው። ከውጭ ከታሰረ ግን እሱም ራሱ ውሃ ስለሚያስለቅቅ ከክብደቱ አንድ አሥራ አንደኛ ያህሉን ውሃ ይበላበታል፣ 610 የነበረው ወደ 670 ይጠጋል። እግረ መንገዴን፣ ከአሮጌ ባትሪ ጓሮ ውስጥ አቅልጬ አወጣለሁ የሚል ካለ ይተወው። ጭሱም አቧራውም መርዝ ነው፣ ይበልጥ የሚጎዳው ደግሞ ግቢ ውስጥ የሚጫወቱትን ሕፃናት ነው።

"ታዲያ ላሜራውን 16 ባደርገውስ?" አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ሰው አይጠይቀውም። ቆዳው እጥፍ ሲሆን 515 ኪሎ ይጨምራል፣ ጉድለቱ ሊሞላ ምንም አይቀረው፣ ጥንካሬም በትርፍ ይገኛል። ግን ያ ክብደት ላይም ታችም እኩል ነው የሚከፋፈለው። እኛ የምንፈልገው ታች የተቀመጠ ክብደት ነው፣ ምክንያቱን ወደ በኋላ አመጣዋለሁ። ደግሞ 16 ሚሊ ላሜራ ክብ አድርጎ ማጠፍ በእሱ ወርክሾፕ የሚታሰብ አይደለም።

እኔ ብሆን ሆዱን ነው የማጠበው። ወርዱን ከ90 ወደ 80 ሳንቲ ብቻ ብታወርደው የሚያስለቅቀው ውሃ ወደ 1,270 ሊትር ይወርዳል፣ የጎደለውም ከ610 ወደ 300 ኪሎ ገደማ። በአሥር ሳንቲ ሦስት ኩንታል እርሳስ ተረፈህ ማለት ነው። ይመቸኝ ብለህ ሰፋ ያደረግካት እያንዳንዷ ሊትር አየር አንድ ኪሎ ታስከፍልሃለች። ሰርጓጅ ውስጥ ሰው ተጨብጦ የሚቀመጠው ለዚህ ነው።

ትልልቆቹም ይሄው ነው የሚያስጨንቃቸው። ስፔኖች ኤስ-80 የሚባሉትን ሰርጓጆቻቸውን እየሠሩ ሳለ እ.ኤ.አ. በ2013 ከ75 እስከ 100 ቶን ከልክ በላይ መክበዳቸው ታወቀ። መፍትሔው ምን ሆነ? ሞተር ማጠንከር አይደለም። መርከቡን በ10 ሜትር ገደማ አስረዘሙት፣ ማለትም ተጨማሪ አየር ሰጡት። የመጀመሪያዋን የባሕር ኃይሉ የተረከበው በ2023 ነው። ያ ሁሉ መሐንዲስ እያለ። የእኛ በያጅ ቢሳሳት ታዲያ ምን ይገርማል።

ባትሪ ላይ ሲደርስ ነገሩ ይጣፍጣል። እነዚያን አራት የእርሳስ ባትሪዎች በሊትየም ብትለውጣቸው 120 የነበረው ወደ 50 ኪሎ ይወርዳል። ባጃጅ ላይ ቢሆን እሰየው ነው። እዚህ ግን ያተረፍካትን 70 ኪሎ መልሰህ በእርሳስ ትሞላታለህ። የድሮው ከባድ ባትሪ እዚህ ቤት እንግዳ አይደለም፣ በየትኛውም መንገድ ልትሸከመው የነበረ እርሳስ ነው፣ ልዩነቱ መብራት መስጠቱ። እንዲያውም ከጎደለው 610 ኪሎ ሁለት ኩንታሉን ተጨማሪ ባትሪ አድርገው፣ የምትቆይበት ሰዓት ይረዝምልሃል። ቦታ ይበላል እንጂ ክብደቱ ቅር አያሰኝም። አንድ ነገር ብቻ፦ የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ያወጣል። አየር ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ በትንሽ ብልጭታ ይፈነዳል። ስለዚህ ሰውየው ከሚቀመጥበት ተለይቶ በራሱ ሳጥን ይታሸጋል፣ ቻርጅ የሚደረገውም ተከፍቶ፣ ነፋስ ባለበት ነው።

እሺ፣ ስንት ፈረስ?

ነዳጅ ሞተሩን መጀመሪያ እንሰናበተው። ጎረቤቴ የአሮጌ ባጃጅ ሞተር ነበር ያሰበው። 1 ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ 9 ሜትር ኩብ አየር ይፈልጋል። ያ ቱቦ በሙሉ 1.65 ሜትር ኩብ ነው። አንድ ሊትር ሳይነድ ውስጥ ያለው አየር ከአምስት ጊዜ በላይ ባለቀ፣ ሰውየውም አብሮ። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ነው።

ውሃ ከአየር 800 ጊዜ ያህል ይከብዳል፣ በመካከሉ የሚያልፈውንም እንዲሁ ይይዘዋል። ፍጥነትህን እጥፍ ስታደርግ ውሃው የሚይዝህ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ከባትሪ የሚወጣው ኃይል ደግሞ ስምንት እጥፍ። ለ90 ሳንቲው ቱቦ በግምት አሰላሁለት። በሰው እርምጃ፣ በሰከንድ 1 ሜትር፣ ውሃው በ13 ኪሎ ጉልበት ይይዘዋል። ሞተሩና ፕሮፔለሩ የሚያባክኑትን ጨምሮ ከባትሪ 400 ዋት ገደማ ይወጣል። ካውያ እንኳ ከዚህ በላይ ይበላል! በሰከንድ 2 ሜትር፣ ማለትም በዝግታ እንደሚሮጥ ሰው፣ 3,200 ዋት። በሰከንድ 3 ሜትር 10,800 ዋት፣ ያ የባጃጅ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን ቢሰጥ እንኳ የማይደርስበት ነው።

አራቱ ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪዎች ሲደመሩ 4,800 ዋት ሰዓት ይይዛሉ። የእርሳስ ባትሪ እስከ ጥጉ ከተሟጠጠ ቶሎ ስለሚሞት ግማሹን ብቻ እንቁጠር። በእርምጃ ፍጥነት ስድስት ሰዓት ትሄዳለህ፣ ከ21 ኪሎ ሜትር በላይ። በሩጫው ፍጥነት 45 ደቂቃ ብቻ፣ 5 ኪሎ ሜትር ከምናምን። እጥፍ ፈጠንክ፣ የምትደርስበት ርቀት በአራት ተካፈለ።

ልብ በሉ፣ በዚህ ሒሳብ ውስጥ 1,650 ኪሎ የሚለው ቁጥር አንድም ቦታ አልገባም። በእኩል ፍጥነት እየሄደ ላለ ሰርጓጅ የሚያስቸግረው ውፍረቱና ቅርጹ ነው። ደንገጎ የለበትማ! ክብደቱ የሚታወቀው ስትነሳና ስትቆም ነው። ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ከተነሳ በኋላ ደግሞ ፍሬን የለውም፣ እንደ ባቡር ሩቅ ሄዶ ነው የሚቆመው። ስለዚህ ሆዱን ማጥበብ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፣ አንዴ በእርሳስ፣ አንዴ በባትሪ። ከውጭ የሚንጠለጠለውን ኮተት ሁሉ፣ ቱቦውን፣ እጀታውን፣ ሳጥኑን መቀነስም ትልቅ ሞተር ከመግዛት ይሻላል።

ቤታቸው የሚሠሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙት ለትንንሽ ማጥመጃ ጀልባ የተሠራውን የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። የ24 ቮልቱ አንዱ ወደ 36 ኪሎ ጉልበት ይገፋል፣ ወደ 56 አምፔር ይስባል። ሁለቱ፣ ግራና ቀኝ፣ ለዚህ ቱቦ ይበቁታል፣ አንዱን ብቻ ስታዞር ደግሞ ይታጠፍልሃል። ፕሮፔለሩ ትልቅና ቀስ ብሎ የሚዞር ቢሆን ይመረጣል። የድሬ ሰው የጣሪያ ማራገቢያንና የጠረጴዛ ማራገቢያን ልዩነት በቆዳው ያውቀዋል። መግጠሚያ ቦታውም ወሳኝ ነው። ቁም ሳጥን ስትገፋ ከላይ ብትገፋው ይደፋል አይደል? ሞተሩም ከመሃል ወርዶ ከተገጠመ ባበረታኸው ቁጥር አፍንጫውን ወደ ላይ ያነሳል፣ ከፍ ካለ ይደፋዋል።

ወደ ሃይላንዱ እንመለስ። አሸዋው ታች ስለተቀመጠ ጠርሙሱ ቀጥ ብሎ ነበር የሚቆመው፣ በጣቴ ባጋድለውም ይመለሳል። አየሩ ከላይ ይጎትታል፣ አሸዋው ከታች ይይዛል። ሰርጓጅም ውሃ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚያቆመው ይሄ ብቻ ነው፣ የክብደቱ መሃል ከግፊያው መሃል በታች መሆን አለበት። ጀልባ ሰፊ ስለሆነ አይገለበጥም ይባላል፣ ውሃ ሥር ግን ስፋት አያድንም።

ቀጥሎ ጠርሙሱን በርሜሉ ውስጥ በጎኑ ልናስተኛው ሞከርን። ትንሽ ቆየና አንገቱ ዘንበል አለ። አሸዋው ወደ አንገቱ ተንሸራተተ፣ ስለተንሸራተተ ይበልጥ ዘነበለ፣ በመጨረሻ በአንገቱ ተተከለ። በግማሽ የተሞላ የውሃ ታንክ ሰርጓጅ ውስጥ የሚያደርገው ይሄንኑ ነው። ይሄን ጎረቤቴ ከእኔ በላይ ያውቀዋል። "ታንከር ውስጥ ግድግዳ የምናስገባው ለዚህ አይደል እንዴ? ኩርባ ላይ ውሃው ሹፌሩን ይዞት እንዳይሄድ" አለ። በቃ፣ እሱው ነው። ታንኩን ትንንሽ አድርገህ ከፋፍለው፣ የቻልከውን ያህል ወይ ሙሉ ወይ ባዶ ይሁን።

የሁለቱ መሃሎች ርቀት ምን ያህል ይሁን ለሚል ሰው፦ የ70 ኪሎ ሰው መስኮቱን ለማየት ግማሽ ሜትር ወደ ፊት ቢጠጋ፣ ርቀቱ 10 ሳንቲ ከሆነ ሰርጓጁ 12 ዲግሪ ይደፋል። 5 ሳንቲ ከሆነ 23። ርቀቱ ከሌለ ደግሞ እንደ ሃይላንዱ በአፍንጫው ይተከላል። እርሳሱ በሙሉ ከሆድ ሥር የሚታሰረው፣ ባትሪውም ከወለሉ የሚወርደው ለዚህ ነው።

ጎረቤቴ ሌላም ነገር ታዘበ። ጠርሙሱን መሃል ላይ፣ ሳይወርድም ሳይወጣም ለማቆም ስንት ጊዜ ሞከረ፣ አልሆነም። አንድ ቆንጣጣ አሸዋ ሲጨምር ይሰጥማል፣ ሲቀንስ ይንሳፈፋል። እውነተኛ ሰርጓጅም እንዲሁ ነው። ልኩን አግኝተህ ብትገባ እንኳ ጥልቀቱ ሲጨምር ቆዳው ትንሽ ይጨመቃል፣ የሚያስለቅቀው ውሃ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ይከብዳል፣ ሲከብድ ይበልጥ ይወርዳል። መላው ትንሽ፣ የተወሰኑ ኪሎ፣ ቀለል አድርጎ መተውና በቁም በተገጠመ ሌላ ሞተር ወደ ታች መግፋት ነው። ባትሪው ቢያልቅ፣ ሞተሩ ቢቆም፣ ራሱ ቀስ እያለ ይወጣል።

ጨውም አለ። ሐረማያ ላይ፣ ውሃው ተመልሶለት የለ፣ ልኩን አስተካክለን ሰርጓጁን ጅቡቲ ብንወስደው አይጠልቅም። የባሕር ውሃ በሊትር 25 ግራም ያህል ስለሚበልጥ ለ1,650 ሊትር 41 ኪሎ ተጨማሪ እርሳስ ይጠይቃል። መጥፎው የተገላቢጦሹ ነው። ጅቡቲ የተስተካከለውን ሐረማያ ብትጥለው 41 ኪሎ ከብዶህ ቀጥታ ጭቃው ላይ ነህ።

ለዚህ ለዚህ ነው ከእርሳሱ የተወሰነው፣ አንድ ኩንታል ያህል፣ ከውስጥ ሆነህ በእጅህ ፈትተህ የምትጥለው መሆን ያለበት። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1776 በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት የተሞከረችው "ኤሊ" የምትባል የአንድ ሰው ሰርጓጅ፣ ፕሮፔለሯ በእጅ የሚዞር፣ በአደጋ ጊዜ የሚጣል 91 ኪሎ እርሳስ ነበራት። በ1960 ፒካርና ዋልሽ የሚባሉ ሁለት ሰዎች "ትሪየስት" በምትባል ሰርጓጅ ወደ ዓለም ጥልቁ የውቅያኖስ ወለል ሲወርዱ ደግሞ ክብደቱ ትንንሽ የብረት ፍሬ ነበር፣ የያዘውም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማግኔት ነው። መብራት ከጠፋ ማግኔቱ ይለቃል፣ ብረቱ ይወድቃል፣ እነሱ ይወጣሉ። መብራት ሲጠፋ ወደ ደኅንነት የሚሄድ ዕቃ! እኛ አገር ቢለመድ ደስ ባለኝ።

ስለ ጥልቀት አንዲት ቁጥር ብቻ ነገርኩት። በየ10 ሜትሩ በያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ካሬ 1 ኪሎ ግፊት ይጨመራል፣ 50 ሳንቲ ወርድ ባለው ክዳን ላይ ገና 10 ሜትር ላይ ወደ 2 ቶን ይቀመጣል ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጉዞ ሰው ሳይገባበት፣ በገመድ ታስሮ፣ ልትሄድበት ካሰብከው ጠለቅ ብሎ ነው። "ብየዳዬን አታውቀውም እንዴ?" አለኝ ቅር ብሎት። አውቀዋለሁ። የበረንዳዬ በር የእሱ ነው፣ ከሥር ቀዳዳ አለው።

አሁን ደብተር ይዟል። እያንዳንዱን ዕቃ ከመበየዱ በፊት ጫኝና አውራጆቹ ሽንኩርት የሚመዝኑበት ሚዛን ላይ ይሰቅለዋል፣ ኪሎውን ይጽፋል፣ ከመሃል ስንት ሳንቲ እንደሚርቅ አጠገቡ ይጽፋል። ትናንት ገልጬ አየሁት። የመጀመሪያው መስመር ላይ "እኔ፣ 74 ኪሎ፣ ከምሳ በፊት" ይላል።